ሰክቶ መርሳት

ጥቅምት 9

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ይህች ወረቀት ቤታችሁን ሙሉ፣ አንቺን ጤነኛ፣ እናትሽንም ያለ ምርኩዝ ስትራመድ ታግኛችሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ አምላክ ይመስገን።

በስልክ የተነገረ በነጋታው ይረሳል ብዬ ነው መጻፌ። ይህን ከሚያደርስልሽ ሰው ጋር አንድ ቻርጀር ልኬልሻለሁ። ለውሃ መኪናዬ፣ ለቦቴዋ ነው። በግቢያችሁ ከቆመች እነሆ አምስት ወር ሊሞላት ነው። የቆመ መኪና መጀመሪያ የሚሞተው ባትሪው ነው። ቁልፉ ቢነቀልም ሰዓቱ፣ ሬዲዮው፣ ምናምኑ ቀስ እያለ ይመጠዋል። ባዶውን የሰነበተ ባትሪ ደግሞ በኋላ ልሙላህ ቢሉት አይቀበልም።

ይህን ያስተማረኝ አዲሱ ሥራዬ ነው። ሀብታሞች መኪናቸውን ለብርዱ ወራት የሚያሳድሩበት ትልቅ መጋዘን ውስጥ ገብቻለሁ። መቶ አርባ መኪና ሸራ ለብሶ ተኝቷል፤ እያንዳንዱ ከግድግዳው በመጣ ገመድ ተሰክቷል። የኔ ሥራ በመካከላቸው እየዞርኩ የየቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት መብራቱን ማየትና ቮልቱን መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። ባለቤቱ ካየው ሦስት ዓመት የሞላው መኪና አለ። የኔን የደም ግፊት የሚለካ ሰው የለም፣ እኔ ግን የነሱን በየሳምንቱ እለካለሁ። አንዳንድ ቀን እጅ እጅ ይለኛል፤ ሸራውን ገልጬ በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ለማንኛውም ቻርጀሩ ብልህ ነው። ሲሞላ ራሱ ያቆማል፣ ሲጎድል ራሱ ይጀምራል። ቀዩን ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጌቲቭ አያይዢው፤ ከዚያ በኋላ ሰክቶ መርሳት ነው።

ቃሌን አልረሳሁም። እኔ ስመጣ ቦቴዋ ለየሕንፃ ሥራው ውሃ ማመላለስ ትጀምራለች፣ መሪውም ያንቺ ነው። ሌላ ሾፌር አልቀጥርም። አንቺ ብቻ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድሽን አውጪ።

ናፋቂ አጎትሽ

ኅዳር 21

ለተከበሩ አጎቴ፣

የዚያ አገር ብርድ አጥንትዎ ሳይገባ፣ ሥራውም ሳያጎብጥዎ ይህ ደብዳቤ ይድረስዎ። እኛ ደህና ነን። እናቴ ምርኩዟን አልጣለችም፤ እኔን ስትፈልግ በሩን የምትደበድበው በምን ሆነና ትጥለዋለች?

ቻርጀሩ ደርሶኛል። ነገር ግን አጎቴ፣ የባትሪውን ሳጥን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈቱት መቼ ነው? ክዳኑን ሳነሳ የወጣው ሽታ ወደ ኋላዬ ሁለት እርምጃ አስኬደኝ። አይጥ ከመቀመጫው ስፖንጅ ጎትታ ጎጆ ሠርታበታለች፣ እዚያው ወልዳለች፣ እዚያው ሞታለች። ጠጉሯ ከባትሪው ጎን ተጣብቆ ነበር። በካቻቪቴ ፍቄ አነሳሁት። የባትሪዎቹ ራስ ነጭና አረንጓዴ ነገር አውጥቶ የሻገተ ዳቦ መስሏል። በለብ ያለ ውሃና በሶዳ ስለቀልቀው አረፋ እየደፈቀ፣ እንደ ገማ እንቁላል እየሸተተ ለቀቀ። አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ ነው የጨረስኩት፤ ምሳም አልበላሁም። ቀሚሴ ላይ ጠብ ጠብ ያለው አሲድ ያን ዕለት ምንም አልመሰለኝም ነበር፣ በነጋታው ሳጥበው ቀሚሱ ወንፊት ሆነ።

ከዚያ የጎደለውን የባትሪ ውሃ ጨመርኩ፣ ቀዩን ከቀይ ጥቁሩን ከጥቁር አያያዝኩ፣ አረንጓዴዋም በራች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

የኔ ሥራ እንደ ነገሩ ነው። በዚህ ሰፈር እንደኔ ድምፅ ማጉያና ወንበር የሚያከራይ ሞልቷል፤ መብራት በሌለበት ሜዳ ላይ ድምፅ ማጉያ ማሠራት የሚችለው ግን ሁለት ትልልቅ ባትሪ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ እስካሁን እንጀራዬ አልተቋረጠም። መንጃ ፈቃዱንም ጀምሬያለሁ። አሠልጣኙ ሴት ከባድ መኪና ላይ ስትወጣ ባየ ቁጥር የሆነ ነገር እንደ ሸተተው ሰው አፍንጫውን ይነፋል። ያን የቦቴዋን የባትሪ ሳጥን ቢያሸት ምን ሊል ነው?

የእህትዎ ልጅ

ጥር 14

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምና ጤና፣ ረጅም ዕድሜም ካንቺ ጋር ይሁን። እናትሽን ሳሚልኝ።

ስለ አይጧ የጻፍሽውን ሥራ ቦታ በእረፍት ሰዓቴ አነበብኩትና ዳቦዬን አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለው በደብዳቤ አይጻፍም፤ አንድ ሰው ቢያነበው ስለኛ ምን ይላል?

አንድ ነገር አደራ። ገመዱን አትነካኪው፣ ነቀል ሰካ አታብዢ። እኛ እዚህ ከሰካን ባለቤቱ እስኪመጣ ነቅለን አናውቅም። በየሳምንቱ ሄደሽ አረንጓዴዋን ማየት ብቻ ነው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ሞተሯን አስነሺና ግማሽ ሰዓት ይሥራ፣ ዘይቱ እንዳይደርቅባት። መንጃ ፈቃዱ የት ደረሰ?

አጎትሽ

መጋቢት 30

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ሳልጽፍልዎ መቆየቴን አውቃለሁ። የምጽፈው ነገር ስላሳፈረኝ ነው የቆየሁት።

እንዳሉኝ አልነካካሁትም። በየሳምንቱ ሄጄ አረንጓዴዋን አያለሁ፣ «ደህና ነሽ?» እላታለሁ፣ እመለሳለሁ። የጥርን ወር አስነስቻት ነበር፣ ጎትታም ቢሆን ተነሳች። በየካቲት አጋማሽ ጋቢናዋ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ባዞር ጠቅ አለችና ዝም። ደግሜ ባዞር ጠቅታውም ቀረ። የቻርጀሩ መብራት ግን አረንጓዴ ነበረች።

የሰፈራችንን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁት። ቴስተሩን ሲያስገባ አንደኛው ባትሪ አምስት ቮልት፣ ሁለተኛው አራት። «እነዚህ ተኝተው አይደለም፣ ተቀብረዋል» አለኝ። ሁለት ቀን ቻርጅ አድርጎ ሞከራቸው፤ ሞቁ እንጂ አልያዙም። ጥፋቱ የኔ መሰለኝ፤ አንድ ነገር አበላሽቼ ነው አልኩ። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር የራሴን ሁለት ባትሪዎች፣ የድምፅ ማጉያዎቹን፣ አውጥቼ ቦቴዋ ላይ ገጠምኳቸው። ወዲያው ተነሳች። የርስዎን ሁለቱን ከዕቃ ቤታችን ጀርባ ጣውላ ላይ አስቀምጬ ክዳን አለበስኳቸው።

የሆነውን ያወቅነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሠራተኛው ለሌላ ጉዳይ መጥቶ መብራት ጠፋ፤ ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመለስ ሠራተኛው ቻርጀሩን ቁጭ ብሎ አየው። አጎቴ፣ ይህ እቃ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ አይጀምርም። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሰው ካልተጫነለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አረንጓዴዋ የምትበራው ደግሞ ከግድግዳው አይደለም፣ ከባትሪው እየወሰደች ነው። እኛ ጋ መብራት በሳምንት ሦስቴ ይጠፋል። ማለት ያ እቃ ከኅዳር ጀምሮ ባትሪውን እየጠጣ፣ እኔን ደህና ነው ሲለኝ ከርሟል። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ቢሆን ኖሮ አብሬው ማዕድ አልቀርብም ነበር። በየሳምንቱ ሄጄ «ደህና ነሽ?» ማለቴን ሳስበው ደግሞ ራሴም ራሴን ያስጠላኛል።

አሁን መብራት ሲጠፋ እነቅለዋለሁ፣ ሲመጣ ሮጬ እሰካውና ቁልፉን እጫናለሁ። ባትሪዎቼ ቦቴዋ ላይ ስለሆኑ የሜዳ ሥራ እየመለስኩ ነው፤ በዚህ ወር ሁለት ስብሰባ ለሌላ አከራይ ሄደብኝ። ለርስዎ ባትሪዎች ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሚያደርጉትን እስኪነግሩኝ የኔዎቹ ይቆያሉ።

የእህትዎ ልጅ

ሚያዝያ 18

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ጤናና ሰላም፣ በረከትና ደስታ ከደጅሽ አይጥፉ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ነው የምመልስልሽ። ስለ ባትሪው በፍጹም አትጨነቂ፣ እኔ አንቺን አልወቅስም። ያንቺዎቹ እዚያው ይሁኑ። በዘመድ መካከል የኔ ያንቺ አይባልም፤ ያንቺም የኔም አንድ ነው። ቻርጀሩን ግን ስሙን አታጥፊው፣ እዚህ መቶ አርባ ቦታ ይሠራል። መብራት ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል?

አሁን ጥቂት ነገር ላስቸግርሽ። ቦቴዋን ከላይ እስከ ታች እጠቢያት። የውሃ ታንከሩንም ውስጡን። ጎማዎቿን ቀለም ቀቢያቸው። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሁለቱም ጎን፣ ሞተሯም እየሠራ ፎቶ አስነሺና ላኪልኝ። የባትሪዎቹንም ፎቶ፣ አዲስ መሆናቸው እንዲታይ አድርገሽ። የሻንሲ ቁጥሯን በንጹሕ ወረቀት ገልብጪልኝ። ለማስታወሻ ነው፤ ሰው ሲናፍቅ ንብረቱንም ማየት ያምረዋል።

አጎትሽ

ሰኔ 3

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላም ለርስዎ ይሁን። ያሉኝን ሁሉ ፈጽሜያለሁ፤ ፎቶዎቹና ቁጥሩ አብረው አሉ።

እንዲህ ያለው አይጻፍም ብለውኛልና የታንከሩን ነገር ባጭሩ ልጻፈው። በላይ በኩል ባለው ቀዳዳ ወርጄ ውስጡ ቆምኩ። ግድግዳው እንደ እንቁራሪት ጀርባ ያዳልጣል። ሥሩ ላይ የተረፈችው ውሃ ጥቁር ሆና እንደ ሙጫ ትሳባለች፤ ስረግጣት የሆነ ነገር ታስተነፍሳለች። በመጥረጊያና በሳሙና ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እናቴ አጠገቤ አልቀመጥም አለች፤ «አንቺ ልጅ፣ ያ መኪና ሳትነጂው በፊት ይገድልሽ ይሆናል» ነው የምትለኝ።

ግን አጎቴ፣ መንጃ ፈቃዱን አገኘሁ! አሠልጣኙ ፈርሞ ሲሰጠኝ እንኳ አፍንጫውን መንፋት አልተወም። በጋቢናዋ ውስጥ ተቀምጬ መሪውን ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ። ታዲያ መቼ ነው የሚመጡት? ቀኑን ባውቅ ለሜዳ ሥራው ደንበኞቼ ቁርጡን እነግራቸው ነበር። ያለ ባትሪ አራት ወር መቆየቴ ነው፣ ደንበኛ ደግሞ አይጠብቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ሳምንት ባለ ኮፍያ ሰው መጥቶ ግቢውን አስከፈተኝ። ተጎንብሶ ሥሯን አየ፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ከዚያ «ባትሪዎቹ አዲስ ናቸው አሉ» አለኝ። «ማን አለ?» ስለው ሳቀና ሄደ። ስለ ባትሪዎቹ ለርስዎ እንጂ ለሌላ ሰው አልነገርኩም። እናቴ ይህን ሰምታ «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። መልስዎን እጠብቃለሁ።

የእህትዎ ልጅ

ነሐሴ 27

ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ፣ እንደ ልጄ ለማይሽ የእህቴ ልጅ፣

አምላክ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ጠላትሽን ያርቅልሽ፣ የነካሽውን ሁሉ ይባርክልሽ፣ ያሰብሽውን ያሳካልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ። እናትሽንም እንደዚሁ። ጎረቤቶቻችሁንም እንደዚሁ።

ስለ መንጃ ፈቃዱ በጣም ደስ ብሎኛል። ትምህርት መቼም አይከስርም፣ ለሌላም ይጠቅምሻል።

ሰውየው ወዳጄ ነው፣ ዞር ዞር ብሎ ቢያያት ምንም የለበትም። ከጠየቀሽ እንከን የላትም በይው። የኔ ነገር ደግሞ እንደምታውቂው ነው፣ ሰው ያስባል እንጂ የሚፈጽመው ሌላ ነው። ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም። እዚህ መጋዘኑን እያሰፉት ነው፤ ሌላ ስልሳ መኪና ይጨመርብኛል፣ አለቃዬም ያለኔ አይሆንለትም። ሁሉንም አንድ ቀን ተቀምጠን እናወራዋለን።

እስከዚያው ለመስከረም አጋማሽ ባትሪዎቿን እስከ አፋቸው ሙሊያቸው፣ አደራ።

አጎትሽ

መስከረም 19

ለአጎቴ፣

እንዴት ነዎት ብዬ አልጠይቅም። ደህና መሆንዎን በሽያጭ ውሉ ላይ ካለው ፊርማዎ አይቻለሁ፤ እጅዎ አልተንቀጠቀጠም።

ባለ ኮፍያው ሰው ከትናንት በስቲያ ጠዋት ሾፌሩን አስከትሎ መጣና ወረቀቱን ሰጠኝ። እስከ መጨረሻው ቆሜ አነበብኩት። የተፈረመው ሐምሌ 2 ቀን ነው። በነሐሴ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ ብለው ሲመርቁኝ ቦቴዋ የሰው ነበረች። እኔም ያን ሁሉ ሳምንት መብራት በመጣ ቁጥር የማላውቀውን ሰው መኪና ቁልፍ ልጫን ስሮጥ ከርሜአለሁ። የጻፉልኝን ደብዳቤዎች በሙሉ አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። አጎቴ፣ ያን የአይጥ ጎጆ በእጄ ሳወጣ እንኳ እንዲህ አላስጠላኝም። እሷ የምታውቀውን ነው የሠራችው፤ ደግሞም «ያንቺም የኔም አንድ ነው» አላለችኝም።

ገንዘቡን አልጠይቅዎትም። መኪናው የርስዎ ነው፣ መሸጥም መብትዎ ነው። መሪው ያንቺ ነው ብለው በወረቀት ከጻፉልኝ ግን ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሐሳብዎ ሲለወጥ አንድ ቃል ቢነግሩኝ ምን ይጎዳዎት ነበር? እዚያ መጋዘን ውስጥ ባለቤቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰክቶ የረሳው መኪና እንዳለ ጽፈውልኝ ነበር። እኔን በምን እንደሰኩኝ ግን ያውቁታል።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ውሉ ላይ «ከሁለት ባትሪዎቿና ከቻርጀሯ ጋር» ይላል። እኔም ሰውየውን ሻይ ጠጥቶ እንዲጠብቀኝ አስቀመጥኩትና የብሎን መፍቻ ይዤ ሳጥኑን ከፈትኩ። ሁለቱን ባትሪዎቼን ፈትቼ አወጣሁ። ከዕቃ ቤታችን ጀርባ፣ ከጣውላው ላይ፣ የርስዎን ሁለቱን አምጥቼ በየቦታቸው ገጠምኳቸው። ራሳቸውን ጠርጌ ቅባትም ቀባኋቸው፤ ሥራዬ አይታማም። ውሉ የሚለው ሁለት ባትሪዎቿን ነው፣ እሷ ደግሞ ያላት እነዚያን ነው።

ሾፌሩ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ እንኳ አላለችም። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ አየኝ፣ ከዚያ መሬት ላይ ያስቀመጥኳቸውን የኔን ባትሪዎች አየ፣ እንደገና ደግሞ እኔን አየ። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ አንድም አልጨመርኩም፣ አንድም አልቀነስኩም። መቼም ደውሎልዎት ይሆናል። ያለውን በደብዳቤ አይጻፍ ብለውኛልና አልጽፈውም።

የኔን ባትሪዎች ሽጪልኝ አለኝ፤ አልሸጥም አልኩት። ያለኝ እነሱ ናቸው። በኋላ ግን ቦቴዋ ምን አጠፋች አልኩና በወፍራም ገመድ ከኔዎቹ ጋር አያይዤ አስነሳኋት። ሾፌሩ ከግቢ ወደ ኋላ ሊያወጣት ሞከረና አጥሩን ሁለቴ ገጨ። የመተላለፊያችንን ጠባብነት ያውቁታል። እናቴ በምርኩዟ ወደ ጋቢናው እየጠቆመች «እሷ ትነዳዋለች፣ አንተ ውረድ» አለችው። ወረደ።

ወጣሁና መሪውን ያዝኩ። በመስተዋቱ ወደ ኋላ እያየሁ፣ አጥሩን ሳልነካ፣ የጎረቤትን የውሃ ቧንቧ አልፌ፣ እስከ አስፋልቱ አወጣኋት። መቶ ሜትር ብትሆን ነው። ፍሬኗ ለስላሳ ነው፣ መሪዋ ትንሽ ወደ ግራ ይስባል። ይህን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አስፋልቱ ላይ ቆሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ በሩን ከፍቼ ወረድኩና መሪውን ለሾፌሩ ለቀቅሁለት። ሞተሯን እስኪደርሱ ድረስ እንዳያጠፋት፣ ካጠፋት እንደማትነሳለት ነገርኩት።

ቻርጀሩንም ከነገመዱ ጠቅልዬ ለሰውየው ሰጠሁት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የትኛዋን ቁልፍ እንደሚጫን ጣቱን ይዤ አሳየሁት። አንዴ ነገርኩት፣ ወዲያው ገባው።

የእህትዎ ልጅ